«ዛሬ የሚባል ቀን የለም» ያለው ፕሮግራም

ጥያቄ፦ «ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የኮምፒዩተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዲስክሪት ማትን ከክፍላችን የወደድኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አንድ ፕሮግራም ትክክል መሆኑን በሒሳብ ማረጋገጥ እንደሚቻል ካነበብኩ ወዲህ ልቤ እዚያ ቀርቷል። በፕሮግራሚንግ ቲዎሪና በፎርማል ሜተድስ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን 'ቲዎሪ እንጀራ አይሆንም፣ ዌብ ብትማሪ ይሻልሻል' ይሉኛል። ኮዱንም ከእንግዲህ ኤአይ ይጽፈዋል ይላሉ። መምህር፣ የዚህ ሙያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራው ምንድን ነው? ከጅማ ተነስቶስ ይደረስበታል ወይ?»

ምላሽ፦

ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ ጳጉሜን 6 ናት።

እኔም የጀመርኩት እዚያው ጅማ ነው። በተመረቅኩ ሰሞን ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ማን ስንት ቆጠበ፣ ማን ስንት ተበደረ፣ ወለዱ ስንት ደረሰ፤ በቃ። ቀኑ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ነው። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ሠራ። 2001ን ያለ እንከን አለፈ። 2002ንም አለፈ። በ2003 ማብቂያ ላይ ሒሳብ ያዥዋ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ኮምፒዩተርህ ዛሬ የሚባል ቀን የለም ይላል።»

በባጃጅ በርሬ ደረስኩ። እትዬ ደረሰኙን በእጃቸው ሞልተው፣ ወረፋ ከያዘው ሰው ግማሹን ሸኝተው፣ ቡናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዕለቱ ጳጉሜን 6 ነበር። እኔ ደግሞ ሕጉን የቀዳሁት ከፈረንጅ መጽሐፍ ነው፦ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪ ከሌለው አንድ ቀን ይጨመራል። በእኛ ግን ጳጉሜን 6 የምትሆነው ቀሪው 3 ሲሆን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ዲያቆን በጣቱ ቆጥሮ የሚነግርሽን ነገር እኔ ዲግሪ ይዤ ስቼዋለሁ። ይባስ ብሎ ባይደረስበት ኖሮ በ2004 ማብቂያ የሌለችውን ጳጉሜን 6 እሺ ብሎ ሊቀበል ነው።

በአራት ዓመት ውስጥ 1,461 ቀን አለ። እኔ የሳትኩት አንዷን ብቻ ነው። አንዲት የሌለች ቀን ደግሞ ጨምሬያለሁ። ማረሚያው አንድ መስመር ነበር። የከነከነኝ ሌላ ነው። ሞክሬዋለሁ እኮ! ብዙ ቀን አስገብቼ ሞክሬዋለሁ። ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለው ሆላንዳዊ፣ ሙከራ ስህተት መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን ፈጽሞ አያሳይም ማለቱን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንገቴን ደፍቼ አነበብኩት።

እንግዲህ ጥያቄሽ። የዚህ ሙያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራው ሁለት ነገር መጠየቅ ነው። ፕሮግራሙ የገባው ቃል ምንድን ነው? ቃሉንስ ምንም ቢያስገቡለት፣ መቼም ቢሆን፣ ይጠብቃል? ሲሰሙት ቀላል ነው። ሰዎች ግን ሃምሳ ዓመት ለፍተውበታል። ከነሱ አንዱን፣ ቶኒ ሆርን፣ ልንገርሽ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች፣ ካልነገርኩሽ በቀር፣ በፈረንጅ ናቸው። ስለ ቀን አቆጣጠር አንዴ ስለተቀጣሁ እጠነቀቃለሁ።)

ሆር በ1934 ኮሎምቦ ተወለደ። ኦክስፎርድ ገብቶ የተማረው ኮምፒዩተር አይደለም። የጥንት ግሪክና ላቲን፣ ከዚያ ፍልስፍና ነው። በባሕር ኃይል አገልግሎቱ ሩሲያኛ ተማረ። ሩሲያኛው ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ አደረሰው። እዚያ በኮምፒዩተር ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መተርጎም ላይ መሥራት ጀመረ። መዝገበ ቃላቱ በቴፕ ላይ በፊደል ተራ ተቀምጧል። ቴፕ ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ ሲሮጥ ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩን ቃላት አስቀድሞ በፊደል ተራ መደርደር ያስፈልጋል። ይህንን እንዴት ላፍጥነው ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ ኩዊክሶርትን አገኘ። አዎ፣ ያንቺኑ የፈተና ጥያቄ።

በ1960 ኤሊየት ብራዘርስ የሚባል ኮምፒዩተር ሠሪ ድርጅት ተቀጠረ። አለቃው ሌላ የመደርደሪያ ዘዴ በኮድ እንዲጽፍ አዘዘው። ጽፎ ሲያስረክብ «ከዚህ የሚፈጥን አውቃለሁ» አለ። አለቃው ስድስት ፔንስ አስይዞ ተወራረደ። ተበላ።

ከዚያ ሁሉ ነገር የተቃናለት እንዳይመስልሽ። አልጎል 60 ለሚባለው ቋንቋ የሠሩት ኮምፓይለር፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ሰመረ። ቀጥለው የጀመሩት ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ ግን ወደቀ። አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሚፈጅ ድካም ተጣለ። ይህን የምናውቀው እሱ ራሱ ስለነገረን ነው። በ1980 የኮምፒዩተር ሳይንስን ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን፣ ሲቀበል፣ ያ ሁሉ ሰው ስኬቱን ሊሰማ ተሰብስቦ፣ እሱ ስለ ውድቀቱ አወራ። በ1965 ደግሞ ነል የምንለውን ባዶ ጠቋሚ፣ ወደ የትም ስለማያመለክት ፕሮግራም ሲከተለው የሚወድቅበትን፣ ቋንቋ ውስጥ ከተተ። ለምን ቢሉት፣ ለመሥራት በጣም ቀላል ስለነበር። በ2009 አደባባይ ወጥቶ «የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ» አለው። ሌሊት ቁጭ ያሰኘሽ ነል ፖይንተር የማን እጅ ሥራ እንደሆነ አሁን አወቅሽ።

ይህን ሁሉ የማወራልሽ ለወሬ አይደለም። የዚህን ዘርፍ ሰዎች ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ጅማሬው አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘዋለሁ። አንድ ያሳፈረ ስህተት አለ። ሰውዬው አርሞት ከማለፍ ይልቅ «እንዴት አመለጠኝ?» ብሎ ይይዘዋል። ዲስክሪት ማት መውደድሽ ጥሩ ነው፣ ይጠቅምሻል። እኔ የምጠይቅሽ ግን ሌላ ነው። እስካሁን የከነከነሽ ስህተት የትኛው ነው? ከሌለሽ ገና ብዙ ኮድ ጻፊ። ይመጣል።

ሆር በ1968 ቤልፋስት ፕሮፌሰር ሆኖ ገባ። ፒኤችዲ አልነበረውም። በማግስቱ ዓመት፣ በ1969፣ ከአሥር ገጽ ያነሰች ጽሑፍ አወጣ። ሮበርት ፍሎይድ በ1967 በፍሎውቻርት፣ የፕሮግራሙን ሂደት በሥዕል በሚያሳየው ንድፍ፣ ላይ ያሳየውን ሐሳብ ወስዶ ለፕሮግራም ጽሑፍ አበጀው። የሐሳቡ ዘር እንዲያውም አላን ቱሪንግ በ1949 ካቀረባት አጭር ጽሑፍ ውስጥ አለ። ዘሩ በቅሎ መጽሐፍ ላይ እስኪደርስ ሃያ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ይህን የጊዜ መጠን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሦስት ነገር ጻፊ። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት እውነት የሆነውን። ፕሮግራሙን ራሱን። ሲጨርስ እውነት የሚሆነውን። ፊተኛው ከጸናና ፕሮግራሙ ከጨረሰ፣ ኋለኛው የግድ ይጸናል። ውል ነው። ቤት ስትከራዪ እንደምትፈርሚው፦ አንቺ ይህን ካሟላሽ፣ እኔ ያንን አሟላለሁ።

ችግሩ ያለው ሉፕ ላይ፣ አንድን ሥራ ደጋግሞ በሚያስኬደው የኮድ ክፍል ላይ ነው። ሉፕ ስንት ጊዜ እንደሚዞር አስቀድሞ አይታወቅም። ስንቱን ዙር ቁጭ ብለን እንከተላለን? እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ሁሌም ዕቁብ ውስጥ እከታቸዋለሁ።

ሃያ አባላት ያሉት የሳምንት ዕቁብ አለ እንበል። በየሳምንቱ አንድ ዕጣ ይወጣል። የደረሰው ስሙ ከሣጥኑ ይወጣል። አሁን ከሳምንት ሳምንት የማይለወጥ ነገር ፈልጊ። አለ፦ የደረሳቸውና ያልደረሳቸው ሲደመሩ ሃያ ናቸው፣ ሁለቴ የደረሰው ደግሞ የለም። ከመጀመሪያው ዕጣ በፊት ይህ ይጸናል፤ 0 እና 20። አንድ ዕጣ ሲወጣ አንድ ሰው ከዚህ ወደዚያ ይዛወራል፣ ድምሩ አይነካም። ስለዚህ ከዕጣው በፊት ከጸና ከዕጣው በኋላም ይጸናል። ይህን የማይናወጥ ሐቅ ኢንቫሪያንት እንለዋለን።

ቀጥሎ፣ ዕቁቡ ያልቃል ወይ? ያልደረሳቸው ቁጥር በየሳምንቱ በአንድ ይቀንሳል። ከዜሮ በታች መውረድ አይችልም። ስለዚህ ያልቃል። ሲያልቅ ያልደረሳቸው 0 ናቸው። ሐቁ እንደጸና ስለሆነ የደረሳቸው 20 ናቸው። ሁሉም በልቷል። አለቀ።

አስተውለሽ ከሆነ ሃያውን ሳምንት አልተከታተልኩም። አንድ ሳምንት ብቻ ነው ያየሁት፣ እሱንም «ማንኛውም ሳምንት» ብዬ። አባላቱ ሃያ ሺህ ቢሆኑ ማረጋገጫው በአንድ ቃል አይረዝምም። ሙከራ እዚህ አይደርስም። የምትጽፊው ማንኛውም ሉፕ፣ ከቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ትልቁን ከመፈለግ ጀምሮ፣ በዚሁ መንገድ ይያዛል። ሕጎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ በአንድ ሳምንት ትለምጃቸዋለሽ። ሙያው ያለው ኢንቫሪያንቱን ማግኘት ላይ ነው። እሱን የሚያስተምር ሕግ የለም፣ በልምድ ነው። ቡና ሲቆላ መቼ እንደሚወርድ እናትሽ በምን ታውቃለች? እንደዚያ ነው።

ደግሞ ሳይጸና የሚጸና የሚመስል ሐቅ አለ። ቲምሶርት የሚባለውን የመደርደሪያ ዘዴ ሳትጠሪው አትቀሪም፤ ፓይተንም ጃቫም አንድሮይድም ውስጥ ኖሯል። ከ2002 ጀምሮ ስንት ሰው እንደተጠቀመበት ቁጥሩን እግዜር ይወቀው። በ2015 ተመራማሪዎች ትክክል መሆኑን በማረጋገጫ መሣሪያ ሊያሳዩ ተነሱ። ማረጋገጫው እምቢ አለ። ቢያዩት፣ ይጸናል የተባለው ኢንቫሪያንት አይጸናም ነበር። ኮዱ ከተደረደሩት ቁራጮች ክምር የሚመረምረው የላይኞቹን ጥቂቶች ብቻ ነው፣ ከታች ያሉት ሊፈርሱ ይችላሉ። በዕቁቡ ብትወስጂው፣ የዛሬውን ዕጣ ብቻ እያዩ ያለፈው ወር ባለዕጣ ስሙ ከሣጥኑ ሳይወጣ እንደመቅረት ነው። እነሱም የጃቫው ፕሮግራም እንዲወድቅ የሚያደርግ ምሳሌ ሠርተው አሳዩ። በሶፍትዌር ስህተት የፈነዳውን አሪያን 5 ሮኬትን ሁሉም መምህር ይተርክልሻል፤ እኔ ግን ቲምሶርትን እመርጣለሁ። እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ነበረች።

ቅኔ የምትወጂ ከሆነ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። እዚህ ሙያ ውስጥ ሰምና ወርቅ ክልክል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ፍቺ። መጀመሪያ ላይ ይጨንቃል።

አሁን ወደ ያዝሽልኝ የጊዜ መጠን እንመለስ። ሆር ከድርጅት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባው አስልቶ ነው። ይህ ምርምር በኢንዱስትሪ ውስጥ ጥቅም ላይ የሚውለው እኔ ጡረታ ስወጣ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ይፈጃል አለ። ቁጭ ብሎ ጠበቀ ማለት አይደለም። በ1977 ክሪስቶፈር ስትሬቺ ወደመሠረተው የኦክስፎርድ ቡድን ሄደ። በ1978 እርስ በርስ እየተነጋገሩ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚገልጽበት ሲኤስፒ የተባለ ሥርዓት አወጣ። ጎ በሚባለው ቋንቋ ቻናል ተጠቅመሽ ከሆነ የዚያ ልጅ ነው። በ1999 ጡረታ ወጥቶ ካምብሪጅ ወደሚገኘው የማይክሮሶፍት ምርምር ማዕከል ገባ።

እዚያ ያየው ነገር ነው ለኔ ከሁሉ የሚጥመኝ። እሱ በ1969 የጻፋቸው ዓይነት ዓረፍተ ነገሮች፣ አሰርት የምንላቸው፣ በማይክሮሶፍት ኮድ ውስጥ ሞልተዋል። ግን ማንም ማረጋገጫ አልሠራባቸውም። ፕሮግራሙ ሲሞከር ስህተቱን ቶሎ ለመያዝ ነው የተጠቀሙባቸው። ዕድሜውን ሙሉ ሙከራና ማረጋገጫ ተቀናቃኞች ናቸው ብሎ የኖረ ሰው፣ ተሳስቼ ነበር፣ ተደጋጋፊዎች ናቸው ብሎ ጻፈ። ቀደም ብሎም፣ በ1996፣ ሶፍትዌር ያለ ማረጋገጫ እንዴት ይህን ያህል አስተማማኝ ሊሆን ቻለ ብሎ በአደባባይ ጠይቆ ነበር። በራሱ ሥራ ላይ እኮ ነው! ተመራማሪ መሆን ስትይኝ እኔ የሚታየኝ ይሄ ነው። የሌላውን ስህተት ማሳየትማ ማንም ይችላል።

«እንጀራ አይሆንም» ላሉሽ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት ስጫቸው። አገራችን ውስጥ «ፎርማል ሜተድስ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አታገኚም። ውጭ ግን አለ። የፓሪስ ሜትሮ 14ኛ መስመር በ1998 ያለ ሹፌር ሥራ ሲጀምር፣ ለደህንነቱ ወሳኝ የሆነው ሶፍትዌሩ ቢ በሚባል ዘዴ ተረጋግጦ ነው። ሌስሊ ላምፖርት የፈጠረውን ቲኤልኤ ፕላስን፣ የሲስተምን አሠራር በሒሳብ መግለጫና መመርመሪያ ቋንቋ፣ የአማዞን መሐንዲሶች ከ2011 ጀምረው ተጠቅመውበታል። አንዱን ስህተት ለመቀስቀስ ቢያንስ 35 እርምጃ በትክክለኛው ቅደም ተከተል መከሰት ነበረበት። ይህን በሙከራ አገኛለሁ የሚል ሎተሪ ይቁረጥ። የሆር የ1969 ሐሳብም ልጅ ወልዷል። በ2000 አካባቢ ጆን ሬይኖልድስና ፒተር ኦሄርን ሴፓሬሽን ሎጂክን፣ የኮምፒዩተሩን ሜሞሪ ክፍል በክፍል ለይቶ ማረጋገጫ የሚሠራበትን ዘዴ፣ ሠሩ። ከዚያ አንድ ትንሽ ኩባንያ ተወለደ። በ2013 ፌስቡክ ገዛው። የኩባንያው መሣሪያ ፕሮግራመሮች ኮድ ባስገቡ ቁጥር የነል ስህተትን አድኖ ይይዛል። ቁጠሪው፤ አባትየው ነልን ወለደ፣ የልጅ ልጁ አድኖ ይይዘዋል። ከ1969 እስከ 2013 አርባ አራት ዓመት ነው።

ይህ የጊዜ ርዝመት ካስፈራሽ ዌብ ተማሪ። ስድብ አይደለም። ዌብ ጥሩ ሥራ ነው፣ ቤት ያቆማል። እኔም ማስተርሴን እየተማርኩ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው የቤት ኪራይ የከፈልኩት።

ግን ሩቅ ሳትሄጂ፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2016ን አስታውሺ። ተማሪው ሂሳቡ ውስጥ ከሌለው በላይ ብር ከኤቲኤም ሲያወጣ ያደረባትን ሌሊት። ኪቶ ፉርዲሳ ያልሰማ አልነበረም። በኋላ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰዎች የሳይበር ጥቃት አይደለም አሉ፤ ብሩን መልሱ ተባለ፣ ስም ተለጠፈ። እስቲ ያቺን ሌሊት ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አምጫት፦ «ማንኛውም ወጪ ከተፈጸመ በኋላ ቀሪ ሂሳብ ከዜሮ በታች አይሆንም።» ኢንቫሪያንት ነው። አሁን ሁለት ሰው በአንድ ካርድ መረጃ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቢያወጣስ? መስመሩ መሃል ላይ ቢቋረጥስ? ሲስተሙ እየተሻሻለ ባለበት ሰዓትስ? ዓረፍተ ነገሯ አጭር ናት። እሷን በነዚህ ሁሉ ላይ ማጽናት ነው የዓመታት ምርምር የሚሆነው። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው እዚህ አገር ሥራ የለውም ካሉሽ፣ ሥራው ሳይሆን ማስታወቂያው ነው የሌለው።

ስለ ኤአይ በአጭሩ። ኮድ መጻፍ ሲረክስ ማጣራት ይወደዳል። በ2024 የጉግል ዲፕማይንድ የኤአይ ሲስተም በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ጥያቄዎች ላይ የብር ሜዳሊያ ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ከማረጋገጫዎቹ አብዛኞቹን የጻፈው ሊን በሚባል ቋንቋ ነው። ለምን? በሊን የተጻፈውን ማረጋገጫ አንድ ትንሽ ፕሮግራም መስመር በመስመር ይመረምራል። ያቀረበው ሰው ይሁን ማሽን፣ ብልህ ይሁን ዋሾ፣ ግድ የለውም። ወይ ይጸናል ወይ አይጸናም። የኛ ዘርፍ ሰዎች ይህን ሲሠሩ ኤአይን አስበው አልነበረም፣ ግን ደርሶላቸዋል።

አንድ ነገር ግን ማሽኑም ማረጋገጫውም አይሰጡሽም። የኔን የጳጉሜን ፕሮግራም አስቢ። «ዓመቱ ለ4 ከተካፈለ ጳጉሜን 6 አለ» ብዬ ቃሉን በፎርማል ቋንቋ ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ ፕሮግራሜ ያለ አንዳች እንከን ትክክል መሆኑ ይረጋገጥልኝ ነበር። ማረጋገጫው ፕሮግራሙ ቃሉን መጠበቁን ነው የሚያሳይ። ቃሉ ራሱ ውሸት ከሆነ ማን ይይዝሻል? እትዬ ነበሩ የያዙኝ። እሳቸው ስለ ሎጂክ አያውቁም፣ ዛሬ ግን ጳጉሜን 6 መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ «ከጅማ ይቻላል ወይ?» ስትዪኝ ግማሹ ሥራ እንዲያውም የሚሠራው ጅማ ነው እልሻለሁ። የእኛን አቆጣጠር፣ የእኛን ዕቁብ፣ ሂርማታ ገበያ ላይ ቡና ከገበሬ እስከ ነጋዴ የሚሄድበትን ሰንሰለት በትክክል ጽፎ የሚያስቀምጥ ሰው ከካምብሪጅ አይመጣም።

ሌላው ግማሽ ግን ይከብዳል፣ አልዋሽሽም። የሚያማክርሽ ሰው በቅርብ ላታገኚ ትችያለሽ። ሦስት ወር የለፋሽባት አንዲት መሸጋገሪያ ማረጋገጫ በአራተኛው ወር ውሸት ሆና ትገኛለች። ቤት ስትሄጂ «ምን ሠራሽ?» ይሉሻል፤ «አንድ ነገር እንደማይሆን አወቅኩ» ብትዪ እናትሽ ቡና ትቀዳልሽና ወሬ ይለወጣል። ደግሞ ሁሉንም ፕሮግራም የሚያረጋግጥ አንድ ፕሮግራም መሥራት አይቻልም። ቱሪንግ በ1936 በሩን ዘግቶታል። እኛ የምንኖረው በሩ ሥር ባለው ክፍተት ነው።

መሣሪያው ግን ነፃ ነው። ዳፍኒ፣ ሊን፣ ቀድሞ ኮክ ይባል የነበረው ሮክ፣ ቲኤልኤ ፕላስ፤ ሁሉም በነፃ ይወርዳሉ። ግቢው ኔትወርክ በሚፈጥንበት ሌሊት አንዴ አውርጂያቸው፣ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ለጀማሪ ዳፍኒን እመክራለሁ። ውሉንና ኢንቫሪያንቱን ኮዱ ውስጥ ትጽፊያለሽ፣ ካልጸና እዚያው በቀይ ያሰምርብሻል። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ዳይክስትራ ከ1,300 በላይ ጽሑፎቹን ቁጥር እየሰጠ ይጽፍ ነበር፤ አብዛኛውን በእጁ፣ በብዕር። ወረቀት በዚህ ሙያ የኋላ ቀር ምልክት አይደለም።

ሆርም፣ ኤምኤል የተባለውን ቋንቋ የወለደው ሮቢን ሚልነርም ፒኤችዲ ሳይኖራቸው ፕሮፌሰር ሆነዋል። አንቺ ግን በዚያ አትጽናኚ። ያ ዘመን አልፏል፣ ያስፈልግሻል። ደስ የሚለው በጀርመን፣ በኔዘርላንድስ፣ በዴንማርክ፣ በስዊድን የዶክትሬት ተማሪ ብዙውን ጊዜ ደመወዝተኛ ነው። ማስታወቂያው እንደ ሥራ ይወጣል፣ እንደ ሥራ ታመለክቻለሽ። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ «ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ዘርፍ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» የሚለውን ደብዳቤ ተይው። በሳምንት ብዙ ይደርሳቸዋል፣ እኔ እንኳ ይደርሰኛል። አንድ ገጽ ላኪ። ምን እንዳረጋገጥሽ፣ የት እንደተሰናከልሽ፣ ከእሳቸው ጽሑፍ የትኛው ገጽ ላይ እንዳልገባሽ። ያልገባሽን በትክክል መናገር ከቻልሽ መልስ ታገኛለሽ፤ ከስድስት አንዱ ቢመልስ ግን ዕድለኛ ነሽ ማለት ነው፣ ተስፋ አትቁረጪ። ከ1970 ጀምሮ ባቫሪያ ውስጥ ማርክቶበርዶርፍ ላይ የሚካሄደውን የክረምት ትምህርት ቤትም ስሙን ያዢው። የዘርፉ ትልልቅ ሰዎች ከተማሪ ጋር አብረው ቁጭ የሚሉበት ነው።

እስከዚያው የቤት ሥራ ልስጥሽ። ዓመት፣ ወርና ቀን ተቀብላ «ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር አለ» ወይም «የለም» የምትል ፕሮግራም ጻፊ። መጀመሪያ ቃሉን በአማርኛ፣ በወረቀት። ለእናትሽ ወይ ለጎረቤት አንብቢላቸው፣ ይስማሙ እንደሆነ እዪ። ከዚያ በዳፍኒ። ቀጥሎ «ነገ»ን የምታሰላ ጨምሪ፤ ያለ ቀን ብትሰጫት ሁሌም ያለ ቀን እንደምትመልስ አረጋግጪ። ከጳጉሜን ወደ መስከረም 1 ስትሻገር ዳፍኒ ሳይጮህብሽ አይቀርም። የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በእኛ አቆጣጠር በ2019 ማብቂያ ነው፣ ጊዜ አለሽ። ስትጽፊልኝ ግን ዳፍኒ እሺ ያለሽን አትላኪልኝ። እምቢ ያለሽን ላኪልኝ።